ስለ ወሬ መንገድ፤ በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች የተሰወረውን የመልእክት መረብ ስለ መፈለግ

ከግብርና መሥሪያ ቤት ወደ አገር የሚላክ ማስታወቂያ በወረቀት ላይ ሲታይ መንገዱ እጅግ የቀና ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ክልሉ፥ ከክልሉ ወደ ዞኑ፥ ከዞኑ ወደ ወረዳው፥ ከወረዳው ወደ ቀበሌው፥ ከቀበሌውም ወደ ልማት ሠራተኛው ይወርድና በመጨረሻ ከገበሬው ጆሮ ይደርሳል ተብሎ ይታመናል። ነገር ግን ስለ ዘር፥ ስለ ተባይና ስለ ቡና ዋጋ የሚነገረው ቃል በእውነት የሚሄድበት መንገድ ይህ ብቻ አይደለም። ከዚህ ከተጻፈው መንገድ ሥር ማንም ያልጻፈው፥ ማንም ያልሾመው ሌላ መረብ አለ። ይህንንም መረብ የሠራው ሰው ከሰው ጋራ በገበያ፥ በወፍጮ ቤት፥ በቡና ላይና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲነጋገር ነው። አገር ገዥዎች፥ የወረዳ ሹማምንትና ሰፊ ይዞታ ያላቸው ሰዎች ይህን ስውር መረብ እንዴት እንደሚያገኙትና ምን እንደሚጠቅማቸው በዚህ ጽሕፈት እንገልጻለን። የውጭ አገር ነገር በተነሣበት ስፍራ የተጻፈው ዘመን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑ ይታወቅ።

ነገሩ የሊቃውንት ጨዋታ እንዳይመስል 2009 ዓመተ ምሕረትን ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ዓመት በየካቲት ወር ገደማ በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ መጤው ተምች በኢትዮጵያ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ ከዚያም በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ብዙው የበቆሎ አገር ተዛመተ። የዚህ ተምች እናት የሌሊት ቢራቢሮ ናት፤ ነፋስ ሲረዳት እጅግ ሩቅ ትበራለች። እንቍላሏን በበቆሎው ቅጠል ላይ ትጥላለች። ከእንቍላሉ የሚወጣው ትል በመጀመሪያዎቹ ቀኖች በቅጠሉ ላይ ስለሚገኝ በእጅ ለቅሞ መግደልም፥ መድኃኒት መርጨትም ይቻላል። ካደገ በኋላ ግን ወደ በቆሎው እምብርት ገብቶ በራሱ ኩስ ይሸፈናል፤ የሚረጨውም መድኃኒት አያገኘውም። እንግዲህ «እንቍላሉን ዛሬ ፈልጉ» የሚለው ቃል ለአንዱ ገበሬ በዚህ ሳምንት፥ ለጎረቤቱ በሚመጣው ሳምንት ቢደርስ፥ የመጀመሪያው እህሉን ያድናል፥ ኹለተኛው ግን አገዳ ብቻ ይዞ ይቀራል። ኹለቱም በአንድ ቀበሌ፥ በአንድ የስም ዝርዝር ላይ የተጻፉ ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ነገር ነው።

የወለጋ የመልእክት መንገድ ታሪክ ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ ይሆናል። በነቀምቴ በደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት የተገኙትን የአማርኛ ደብዳቤዎች አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታአ አሰናድተው በ2004 ዓመት ለኅትመት አብቅተዋቸዋል። ብዙዎቹ ከዳግማዊ ምኒልክና ከቤተ መንግሥቱ ሹማምንት ወደ ነቀምቴ ገዥዎች የተላኩ ሲሆኑ፥ ስለ ግብር፥ ስለ ወርቅና ስለ አገር አስተዳደር ይናገራሉ። ሰው እነዚህን ደብዳቤዎች ብቻ ቢያነብ አገሩ እንደ አንድ ገመድ ይመስለዋል፤ የገመዱ አንዱ ጫፍ አዲስ አበባ፥ ሌላው ጫፍ ነቀምቴ ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ ነበረ። በ1902 ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። የምዕራብ ወለጋና የኢሉባቦር ቡና ከደምቢ ዶሎና ከጎሬ ወደዚያ ወርዶ፥ ክረምት ወንዙ ሲሞላ በመርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። ጣቢያው ለኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 ዓመት ነው። እንግዲህ የደምቢ ዶሎ ነጋዴ ጀርባውን ለነቀምቴ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ባሮ ያደረገበት ዘመን ነበረ ማለት ነው። የዋጋ ወሬም ከሸቀጡ ጋራ በዚያው መንገድ መመላለሱ አይቀርም። የደብዳቤው መዝገብ ግን ይህን አያሳይም፤ ደብዳቤ በጠባዩ የሚያሳየው ላኪውና ተቀባዩ እንዲታይ የፈለጉትን ክር ብቻ ነውና።

አኹን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በመልእክት መረብ ውስጥ «ስውር ቅርጽ» የሚባለው ምንድር ነው? ሰዎች እርስ በርሳቸው አዘውትረው የሚነጋገሩባቸው ክበቦች አሉ፤ በክበቡ ውስጥ ወሬ ቶሎ ይዞራል። ከአንዱ ክበብ ወደ ሌላው ክበብ ግን የሚያገናኙት ክሮች ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ መረቡን ያወቀ የሚባለው የክበቦቹን ወሰንና እነዚህን ጥቂት አገናኝ ክሮች ለይቶ ያወቀ ሰው ነው።

ይህን ለማስረዳት የምናውቃቸውን ስድስት ከተሞች እንውሰድ፤ አምቦ፥ ባኮ፥ ነቀምቴ፥ ጊምቢ፥ ነጆና ደምቢ ዶሎ። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚወስደው መንገድ የዴዴሳን ወንዝ በድልድይ ይሻገራል። በበደሌና በጋምቤላ በኩል ያለውን ዙሪያ መንገድ ለጊዜው እንተወው። ስድስቱን ከተሞች ኹለት ኹለት አድርገን ብናጣምር 15 ጥንድ እናገኛለን። እያንዳንዱ ጥንድ አንድ መልእክት ቢላላክ፥ ከ15ቱ መልእክቶች 9ኙ በዴዴሳ ድልድይ ላይ ያልፋሉ። በባኮና በነቀምቴ መካከል 8 ያልፋሉ። ከአምቦ እስከ ባኮ፥ ከጊምቢ እስከ ነጆ፥ ከጊምቢም እስከ ደምቢ ዶሎ ባሉት መስመሮች ግን በያንዳንዳቸው 5 ብቻ ያልፋሉ። ካርታ አይቶ የማያውቅ፥ ዴዴሳ የሚባል ወንዝ መኖሩንም ያልሰማ ሰው ይህን ቍጥር ብቻ ቢሰጡትና ብዙ መልእክት የሚያልፍበትን መስመር ቢቈርጥ፥ አገሩ ወንዙ በሚለይበት ስፍራ ለኹለት ሲከፈል ያያል። ወንዙን ሳያይ ወንዙን አገኘው ማለት ነው።

ሊንተን ፍሪማን የሚባል ሊቅ በሌሎች መካከል የቆመን ሰው እንዲህ ባለ ቍጥር መለካትን በ1977 ጽፎ አስተማረ። በ2002 ደግሞ ሚሼል ጊርቫንና ማርክ ኒውማን ቍጥሩን በሰዎቹ ፈንታ በመስመሮቹ ላይ አድርገው፥ ብዙ የሚተላለፍበትን መስመር አንድ በአንድ እየቈረጡ፥ ከእያንዳንዱ ቍረጣ በኋላም እንደ ገና እየቈጠሩ መረቡን ወደ ክበቦቹ የሚከፍሉበትን ሥርዐት አወጡ። በመንደር መካከል ያለው ወንዝ ውኃ የሌለው ወንዝ ነው፤ ቋንቋ ወይም ሃይማኖት ወይም የቈየ የድንበር ጠብ ሊሆን ይችላል። በዐይን ስለማይታይ ከዴዴሳ ይልቅ ለመሻገር ያስቸግራል።

የሰውን ግንኙነት በነጥብና በመስመር ሥሎ ማሳየትን ከጀመሩት አንዱ ያዕቆብ ሞሬኖ የተባለ በአሜሪካ የኖረ ሐኪም ነው፤ በዚህም ነገር ላይ በ1934 መጽሐፍ አሳተመ። ለእኛ ሥራ ግን ከርሱ ይልቅ የሚቀርበው በ1943 ብራይስ ራያንና ኒል ግሮስ ስለ አዮዋ አገር ገበሬዎች የጻፉት ነው። እነዚህ ሰዎች በኹለት መንደሮች 259 ገበሬዎችን ስለ ድቅል በቆሎ ጠየቁ። ከ1928 እስከ 1941 ባለው ዘመን ከኹለት ገበሬዎች በቀር ኹሉም ዐዲሱን ዘር ተቀብለዋል። ብዙዎቹ ስለ ዘሩ መጀመሪያ የሰሙት ከሻጮች ነበር፤ እንዲዘሩት ያሳመናቸው ግን ጎረቤታቸው ነው። መስማትና ማመን ኹለት ልዩ ልዩ መንገድ አላቸው ማለት ነው። ከባኮ የምርምር ጣቢያ በ1985 ዓመተ ምሕረት የወጣው ቢኤች 660 የተባለው በቆሎም እንዲሁ ያለ ድቅል ዘር ነው። ድቅል ዘር በየዓመቱ ዐዲስ መግዛት ስለሚያስፈልግ፥ ገበሬው በየዓመቱ እንደ ገና ይጠይቃል፥ በየዓመቱም እንደ ገና ይጠራጠራል። ስለዚህ የሚጠይቀው ማንን እንደ ሆነ ማወቅ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ሥራ አይደለም።

በማላዊ አገር በ200 መንደሮች የተደረገው ምርመራ ነገሩን ይበልጥ ገለጠው፤ ውጤቱም በ2021 ታትሟል። ጕድጓድ እየቈፈሩ የመዝራትን ትምህርት ገበሬው ለመቀበል ከአንድ ሰው መስማት አይበቃውም፤ ብዙውን ጊዜ ከሚያውቃቸው መካከል ከአንድ በላይ የሚሆኑ ሰዎች ሠርተውት ሊያይ ይፈልጋል። እንግዲህ ኹለት ሞዴል ገበሬዎችን በቀበሌው ኹለት ጫፍ ማስቀመጥ ለፍትሕ የቀረበ ቢመስልም፥ ለትምህርቱ ግን ላይበጅ ይችላል። ኹለቱን በአንድ ክበብ ውስጥ አድርጎ ክበቡ ካመነ በኋላ ወደ ሌላው መሄድ ይሻላል። ስለ ተምች መምጣት የሚነገረው ማስጠንቀቂያ ግን እንደዚህ አይደለም፤ እርሱን አንድ ሰው ከነገረ ይበቃልና ወደ ክበቦቹ ኹሉ በአንድ ቀን መጣል አለበት። ሹሙ በእጁ ያለው ነገር ከኹለቱ የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ መለየት አለበት።

ለሹማምንት ደስ የማያሰኝ አንድ ነገርም አለ። በሕንድ አገር በካርናታካ በ213 መንደሮች በተደረገና በ2019 በታተመ ምርመራ፥ በአንዳንዶቹ መንደሮች ወሬው ለመንደሩ ሽማግሌዎች ተነገረ፤ በአንዳንዶቹ «ወሬ የሚያዳርስ ማን ነው?» ተብለው ባላገሮቹ ራሳቸው ለመረጧቸው ሰዎች ተነገረ፤ በቀሩትም በዕጣ ለወጡ ሰዎች ተነገረ። ከኹሉ ይልቅ ወሬው የተዳረሰው ባላገሮቹ በመረጧቸው ሰዎች ነው። ሽማግሌዎቹ በዕጣ ከወጡት አልተሻሉም። ይህ የሽማግሌን ክብር አይነካም፤ ሽማግሌ የሚፈለገው ለዕርቅና ለምክር ነው። ነገር ግን ማስታወቂያን ለሽማግሌ ነግሮ «ለሕዝቡ ተነግሯል» ብሎ በሪፖርት መጻፍ እውነት ላይሆን እንደሚችል ያስተምራል።

በወለጋ ክበቦቹን የሚለዩት ነገሮች ምንድር ናቸው ቢባል፥ አገሩን የሚያውቅ ሰው ብዙውን ያለ ምርመራ ይገምታል። በአንድ ቀበሌ ውስጥ የመካነ ኢየሱስ ምእመናን፥ ኦርቶዶክሳውያን፥ እስላሞችና አድቬንቲስቶች አብረው ይኖራሉ። አድቬንቲስቶች ሰንበትን ቅዳሜ ስለሚያከብሩ የቅዳሜ ገበያ አይውሉም፤ እንግዲህ ማስታወቂያው በቅዳሜ ገበያ የሚነገር ከሆነ በየሳምንቱ የሚያመልጠው ያው አንድ ክበብ ነው። ደግሞ ከ1977 ዓመተ ምሕረት ረኃብ በኋላ ከወሎና ከሌላም አገር መጥተው በአንገር ጉትን፥ በቄቶና በሌሎችም ስፍራዎች የሰፈሩ ሰዎች አሉ፤ ብዙዎቹ በቤታቸው አማርኛ ይናገራሉ፥ ጎረቤቶቻቸውም ኦሮምኛ ይናገራሉ። በኹለቱ መካከል ያለውን ክር የሚይዘው ኹለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ነጋዴ ወይም በጋብቻ የተሻገረች ሴት ትሆናለች። በዳቦና በዳዶ አብረው የሚያርሱም ሰዎች አንድ ክበብ ናቸው፤ ዳቦው የሚጠራው ለአረም ወይም ለአጨዳ ቢሆንም፥ የሚሠራው ሥራ ግማሹ ወሬ መለዋወጥ ነው።

ከእነዚህም ሌላ በየክበቡ መካከል የሚመላለሱ ሰዎች አሉ። ጎረቤት ከተሞች የገበያ ቀናቸው እየተለያየ ስለሆነ ገበያ ዟሪው ነጋዴ በሳምንት ውስጥ ብዙ ቦታ ይደርሳል። ቡና ሰብሳቢው፥ የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ፥ የመኪና ረዳቱ፥ ጠላ የምትሸጠው ሴት እንዲሁ ናቸው። በጥንት ዘመን የቆሎ ተማሪ ከደብር ወደ ደብር ሲዞር ይህንኑ ሥራ ይሠራ ነበር፤ ከዳቦው ይልቅ ወሬው የሚናፈቅበት ቤት ጥቂት አልነበረም። ማርክ ግራኖቬተር በ1973 በጻፈው መሠረት ዐዲስ ነገር የሚመጣልን ከቅርብ ወዳጃችን ይልቅ አልፎ አልፎ ከምናገኘው ሰው ነው፤ የቅርብ ወዳጃችን የሚያውቀውን እኛም አስቀድመን እናውቀዋለንና። ሰፊ የቡና እርሻ ያላቸው ሰዎችም በለቀማ ጊዜ ከሩቅ የሚመጡ ሠራተኞች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ምን ይዘው እንደሚሄዱ ያስቡ፤ ደመወዝ ብቻ አይደለም።

ይሁን እንጂ ግምት ግምት ነው። መረቡን በእውነት ለማግኘት የሚያስፈልገው አንድ መዝገብ፥ አንድ እርሳስ፥ ታማኝ ጸሓፊና ትዕግሥት ነው። ጸሓፊው ወደ እያንዳንዱ ቤት ገብቶ ኹለት ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ። አንደኛው፥ «ባለፈው ክረምት ስለ ዘር ወይም ስለ ተባይ ምክር ሲቸግርዎ ሄደው የጠየቁት ማንን ነው?» ኹለተኛው፥ «አንድ ወሬ ለመንደሩ ኹሉ ቶሎ እንዲደርስ ቢፈልጉ ለማን ይነግሩ ነበር?» የሚል ነው። «የመንደሩ ታላቅ ሰው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ አይገባም፤ እንደዚህ የተጠየቀ ባላገር በአክብሮት የሹሙን ስም ይጠራል፥ መዝገቡም ያንኑ የምናውቀውን የስም ዝርዝር መልሶ ያሳየናል። ጥያቄውም ለባል ብቻ ተጠይቆ አይቅር። ሚስት ለብቻዋ ትጠየቅ፤ ዘር የምትመርጥና የምታስቀምጥ፥ ጎተራውንም የምትጠብቅ እርሷ በሆነችበት ቤት ባልን ብቻ ጠይቆ መውጣት የመረቡን ግማሽ ቀድዶ እንደ መጣል ነው።

ከዚህ በኋላ እያንዳንዱን ቤት በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ በነጥብ አድርጎ፥ ከጠያቂው ወደ ተጠያቂው ቀስት መሣል ነው። ቀስት የሚበዛበት ነጥብ ወዲያው ይታያል። ቀስቶች የተጠላለፉበትን ስፍራ እየከበቡ ክበቦቹን ማግኘትም አያስቸግርም። ትልቁ ጥንቃቄ ጥቂት ቀስት ብቻ ላለው፥ ነገር ግን አንዱ ቀስት ከዚህ ክበብ፥ ሌላው ከዚያ ክበብ ለመጣለት ሰው ነው። ይህ ሰው በመንደሩ ያልታወቀ ድኻ ሊሆን ይችላል፤ እርሱ ታምሞ ቢተኛ ወይም ቢሰደድ ግን ኹለቱ ክበቦች አይሰማሙም። ደግሞም ማንንም ያልጠራ፥ ማንም ያልጠራው ቤት ይገኛል። ወደዚህ ቤት የልማት ሠራተኛው በእግሩ ካልሄደ በቀር ማንም አይነግረውም።

ሥዕሉ ካለቀ በኋላ የአንድ ለአምስቱን አደረጃጀት ዝርዝር ከጐኑ አስቀምጦ ማስተያየት ያስፈልጋል። የተጻፈው አለቃ ከሚጠየቀው ሰው ጋራ አንድ ሆኖ ከተገኘ መልካም ነው። ካልሆነ አለቃውን መሻር አያሻም፤ ማስታወቂያውን ለኹለቱም በአንድ ቀን መንገር ይበቃል። እኔ እንደማስበው፥ አገናኝ ሆኖ የተገኘውን ሰው ሹመት መስጠት ከኹሉ የከፋ ስሕተት ነው። ሰው በነፃነት ይነግረው የነበረው ሹም ስላልሆነ ነው፤ ደብተር ይዞ ስብሰባ መጥራት የጀመረ ዕለት ሰው ወሬውን ለሌላ ይነግራል፥ እኛም መረቡን እንደ ገና ልንፈልግ እንገደዳለን።

ስልክ ካለ ይህ ኹሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓመተ ምሕረት ያቋቋመው 8028 የተባለው የስልክ መስመር ገበሬው በቋንቋው ምክር እንዲሰማ ያደረገ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ስልክ የሚያሳምነው አስቀድሞ ሊያምን የተዘጋጀውን ነው፤ በአዮዋ ሻጩ የነበረበትን ቦታ ይዟል፥ የጎረቤትን ቦታ አልያዘም። ደግሞም ስልክ ይቋረጣል። በ2012 ዓመተ ምሕረት ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ድረስ በወለጋ ዞኖች የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። በዚህ ጊዜ አስቀድሞ የሚበጠሰው የትኛው ክር እንደ ሆነ ማሰብ ይገባል። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋራ በአጥር ላይ ይነጋገራል፤ የሚበጠሰው ከክበብ ወደ ክበብ፥ ከከተማ ወደ ከተማ የሚያገናኘው ቀጭን ክር ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ በእግርና በገበያ የሚያገናኙትን ሰዎች አስቀድሞ ያወቀ ወረዳ ቃሉን ሊያደርስ ይችላል፤ ያላወቀ ግን ስልኩ እስኪመለስ ይጠብቃል፥ ተምች ግን አይጠብቅም።

ስለ መዝገቡ አጠባበቅ ጠበቅ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። ማን ከማን ጋራ እንደሚነጋገር የሚያሳይ ወረቀት ለእርሻ የሚጠቅመውን ያህል ሰውን ለመጕዳትም ይጠቅማል። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ ስም አይጻፍ፥ ቍጥር ይጻፍ፤ የቍጥሩንም መፍቻ አንድ ሰው ብቻ ይያዘው። መዝገቡ ለግብር አስከፋይ፥ ለጸጥታ መሥሪያ ቤትም ሆነ ለምርጫ ጕዳይ አይሰጥ። በሌላ አገር የስልክ ጥሪ መዝገብን ከኩባንያ ወስደው መረብ የሚፈልጉ አሉ፤ ለእኛ ሥራ ይህ አያስፈልግም፥ አይገባምም። በ1987 ዓመተ ምሕረት የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት፥ በስልክ የሚያደርገውን ግንኙነት ጭምር ይጠብቃል። ባላገሩም ተጠየቆ የሰጠው መልስ በሌላ በር እንደ ወጣ ካወቀ፥ ከዚያ ወዲያ ለሚመጣው ጠያቂ ኹሉ ውሸት ይነግራል፤ በውሸት የተሣለ ሥዕልም ካለመኖሩ ይብሳል።

ሥራው የሚመቸው አጨዳውና የቡናው ለቀማ ካለቀ በኋላ፥ በጥርና በየካቲት፥ ሰው በቤቱ በሚገኝበት ጊዜ ነው። በቆሎ የሚዘራው በሚያዝያና በግንቦት ስለ ሆነ ሥዕሉ እስከ መጋቢት ቢያልቅ የዘሩና የተምቹ ማስታወቂያ በርሱ ላይ ሊመሠረት ይችላል። በመጀመሪያው ዓመት ለያንዳንዱ ወረዳ አንድ ቀበሌ ይበቃል፤ ነገር ግን ቀበሌዎቹ ኹሉ ከመኪና መንገድ ዳር አይመረጡ። ከዴዴሳ ወዲህና ከዴዴሳ ወዲያ፥ ከደጋውና ከቆላው፥ የሰፋሪ መንደርም ያለበት ተቀላቅሎ ይመረጥ። ሰው ይሞታል፥ ያገባል፥ ይሰደዳልና ጥያቄው በየኹለት ዓመቱ እንደ ገና ይጠየቅ፤ አሮጌው ሥዕልም ዐዲሱ እንዳለቀ ይቃጠል።